ሮቦቱ ሲቆም የሚጀምር ትምህርት

ወላጆች ልጆቻቸውን ለሮቦቲክስ ሥልጠና ሊያስመዘግቡ ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ፣ «በስንተኛው ሳምንት ነው ሮቦት ሠርቶ የሚያሳየን?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የቅዳሜ ጠዋት እረፍታቸውን ትተው ልጃቸውን ከአንዱ የአዲስ አበባ ጫፍ ወደ ሌላው በታክሲ ያመላልሳሉ፤ በመጨረሻም ዘመድ ሲመጣ ሳሎን ውስጥ የሚሽከረከር፣ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ማየት ይሻሉ። እኔ ግን ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ሁልጊዜ እቸገራለሁ። ሮቦቱ በሁለተኛው ሳምንት ይንቀሳቀሳል፤ ላስተምር የተነሣሁት ነገር ግን የሚጀምረው ሮቦቱ ትናንት የሠራውን ዛሬ አልሠራም ሲል ነው። ይህን ለአንድ እናት በምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ብነግራት ዕቃችን ብልሹ መሆኑን ከወዲሁ እየተከላከልኩ ሊመስላት ይችላል።

ተማሪዎቻችን ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ናቸው። የሚሠሩት ሮቦት ፊት የለውም፤ አይናገርም፤ እጅ አይጨብጥም። ከቀጭን ኮምፔርሳቶ የተቆረጠ መቀመጫ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቢጫ ባለማርሽ ሞተሮች፣ ከፊት በየትኛውም አቅጣጫ የምትዞር ትንሽ ጎማ፣ የባትሪ ማስቀመጫ፣ ሞተሮቹን የሚነዳ ኤል 298 ኤን የተባለ ሰሌዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ አእምሮ ሆና የምታዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱዪኖ ኡኖ፣ አለው። አርዱዪኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢቭሪያ በተባለች የጣሊያን ከተማ የተወለደው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ የዲዛይን ተማሪዎች ታስቦ ነው። ለልጆች እንዲመች ያደረገውም ይኸው መነሻው ይመስለኛል። ሽቦ የሚሰካባቸው 14 ዲጂታልና 6 አናሎግ ቀዳዳዎች አሉት፤ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ይገናኛል፤ ዲዛይኑም ለማንም ክፍት ስለሆነ ልጆቻችን የሚሠሩበት አብዛኛው ሰሌዳ በቻይና የተሠራ ርካሽ ቅጂ ነው።

ይህን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳሳያቸው ብዙዎቹ ልጆች ቅር ይላቸዋል። ሮቦት ሲባል በዓይነ ኅሊናቸው የምትመጣው የሰው ፊት ያላት ሮቦት ሶፊያ ናትና። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ስትናገር ያላወራላት አልነበረም፤ ከሶፍትዌሯ ከፊሉን የሠራው አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ የተባለው ኩባንያ መሆኑም ለብዙ ወጣት መነሣሻ ሆኗል። እነዚህ ልጆች ያኔ ሕፃናት ቢሆኑም ቪዲዮውን አይተውታል። እኔ ከዚያ ጉብኝት ለልጆቹ የምነግራቸው ግን ጋዜጦች በሁለት መስመር ያለፉትን ነገር ነው፤ ሶፊያ አዲስ አበባ የደረሰችው ከፊል ክፍሎቿ ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነበር። በአንድ ወቅት ይህን ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ታዲያ ያለዚያ ሻንጣ ምን ምኑን መሥራት ቻለች?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የሮቦቲክስ ጥያቄ ብዙ አልሰማሁም። ማሽንን እንደ አንድ ሙሉ ተአምር ሳይሆን አንዱ ሲጎድል ሌላው ሊሠራ እንደሚችል የክፍሎች ስብስብ የሚያይ ልጅ የመጀመሪያውን በር አልፏል።

ከኤሌክትሮኒክሱ በፊት በጨዋታ እንጀምራለን። አንዱ ልጅ ዓይኑን በነጠላ ታስሮ ሮቦት ይሆናል፤ ሌሎቹ ወንበሮቹን ሳይነካ ከበሩ እስከ ጥቁር ሰሌዳው እንዲደርስ በቃል ያዝዙታል። የሰልፍ ልምድ ስላላቸው ወዲያው «ቀኝ ዙር!» ይላሉ። ሮቦት የሆነው ልጅ፣ በተለይ ተንኮለኛ ከሆነ፣ ቀኝ ዙር ተብሎ ሩብ ዙር ብቻ መዞር እንዳለበት ስላልተነገረው እየዞረ ይቀጥላል። ሳቁ ያባራና ጭቅጭቁ ይነሣል፤ «ቁም ሳትሉኝ ለምን እቆማለሁ?» ይላቸዋል። ከዚያ በኋላ ትእዛዞቻቸው በርዝመትም በጥንቃቄም ይለወጣሉ። ትንንሾቹ ይህንኑ በስክራች ያዩታል፤ ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ትእዛዞችን እንደ ጡብ በመገጣጠም የሚጻፍበት ቋንቋ ሲሆን አማርኛም ስላለው ቁልፎቹን በራሳቸው ያነባሉ።

ይህ ጨዋታ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ሲሞር ፓፐርት እ.ኤ.አ. በ1928 ፕሪቶሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ጄኔቫ ከልጆች የአስተሳሰብ ዕድገት አጥኚው ከዣን ፒያዤ ጋር ሠርቶ ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፈጠሩ። ብዙም ሳይቆይ በሎጎ የምትታዘዝ፣ ወለል ላይ እየሄደች በብዕር መስመር የምትሥል ኤሊ ተጨመረች። ኤሊ መባሏ፣ እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ግሬይ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ከሠራቸውና ብርሃን እየተከተሉ ይሄዱ ከነበሩት ኤሊዎች የተወረሰ ነው። ፓፐርት ልጁ ኤሊዋን ለማዘዝ ሲቸገር ራሱ ተነሥቶ ኤሊዋን ሆኖ እንዲራመድ ይመክር ነበር፤ ሰውነቱ የሚያውቀውን ነገር አእምሮው እንዲዋስ ማለቱ ነው። ከሐሳቦቹ ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው ግን ስለ ስሕተት ያለው አመለካከት ነው። ለእሱ የልጅ ፕሮግራም ትክክል ወይም ስሕተት ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ ገና ያልተስተካከለና ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ልምድ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው መምህሩን በማየት ነው። ወርክሾፑ ውስጥም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሮቦቱን ሳይሆን የእኔን ፊት ያያሉ፤ ሽቦ ሊሰኩ እጃቸውን ዘርግተው ቀና ይሉና ቅንድቤን ያነባሉ። ሮቦት ለዚህ ልማድ የሚሰጠው መድኃኒት ጨካኝ ቢሆንም ፍትሐዊ ነው። የክፍሉን አንደኛና የክፍሉን መጨረሻ አይለይም፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ሽቦ የጎበዝ ተማሪ ስለሆነ አይሠራለትም። እኔም ትክክል ነው ብዬ ብምልለት ግራውንዱ፣ ማለትም ለክፍሎቹ ሁሉ የጋራ የሆነው የኤሌክትሪክ መመለሻ ሽቦ፣ ካልተያያዘ አይንቀሳቀስም። ልጁ ይህን ሲረዳ ከእኔ ፊት ላይ ዓይኑን ያነሣል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሥራዬ ይቀልላል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከእኔ ጋር መከራከር የሚጀምረው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማሳየት ስለ አንድ ቀን ላውራ። አንድ የሦስት ልጆች ቡድን መስመር ተከታይ ሮቦት ሠርቶ ነበር። ነጭ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ናስትሮ የተሠመረ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ ከሮቦቱ ሥር ያሉት ሁለት ሴንሰሮች ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ታች ይልካሉ፤ ነጭ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ጥቁር ይውጠዋል፤ አርዱዪኖም የተመለሰውን መጠን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር ያነብባል፤ ብርሃኑ ሲበዛ የሚነበበው ቁጥር ያንሳል። ጠዋት ሮቦቱ መስመሩን ይዞ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል፤ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ረፋዱ ላይ ያው ሮቦት ከመስመሩ ወጥቶ ከጠረጴዛው ጫፍ ሊወድቅ ሲል በእጃቸው ይይዙታል። «ቲቸር፣ ተበላሸ!»

ደንባችን አንድ ነው፤ ሮቦት ተበላሸ የሚል ቡድን ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት ደብተሩ ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ምን ጠብቀን ነበር፣ ምን ሆነ። እነሱም ጻፉ። ከዚያ የመጀመሪያው ልጅ ሞተሮቹን ጠረጠረ፤ ሁለተኛው ባትሪውን ቀየረ፤ ለውጥ የለም። ኮዱን ከፍተው መስመር በመስመር አነበቡት፤ ጠዋት የሠራው ኮድ እንደነበረ ነው። ሦስተኛዋ፣ እስከዚያ ድረስ ብዙም ያልተናገረች ልጅ፣ ሮቦቱን በገመድ ከላፕቶፑ አገናኝታ ሴንሰሮቹ የሚሰጡትን ቁጥር ስክሪኑ ላይ አወጣች። ጠዋት ደብተራቸው ላይ ለነጭ 60 ገደማ፣ ለጥቁር ከ800 በላይ ብለው መዝግበው ነበር። አሁን ጥቁሩም ነጩም ከ100 በታች ሆነዋል። ለሮቦቱ ሰሌዳው በሙሉ ነጭ ነው ማለት ነው።

ለምን? እዚህ ላይ ቁጥሩን እያዩ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ልጅቷ ሮቦቱን በእጇ ይዛ መስመሩ ላይ ስታንሸራትተው ጠረጴዛው ዳር ቁጥሩ በድንገት ወደ 700 ወጣ፤ መልሳ ስታመጣው ወረደ። ሄዳ መጣች፤ ሄዳ መጣች። ከዚያ ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ፀሐይዋ ከፍ ብላ በመስኮቱ ገብታ የጠረጴዛውን ግማሽ ይዛዋለች። ደብተሯን አንሥታ ሮቦቱ ላይ ጥላ ጣለችበት፤ ቁጥሩ ወጣ። ደብተሩን አነሣችው፤ ወረደ። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ በብዛት እንዳለ፣ ሴንሰሩም የራሱን ብርሃን ከፀሐይዋ መለየት እንደማይችል የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ ደብተራቸው ላይ የሚቀር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሆን ነበር።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። አንዱ «መጋረጃውን እንዝጋው» አለ። ሌላው ኮዱ ውስጥ ጥቁርና ነጭን የሚለየውን ቁጥር ዝቅ እናድርገው አለ፤ ይህ ግን ፀሐይ ለቀቅ ስትል ተመልሶ እንደሚያሳስታቸው ልጅቷ አስረዳችው። በመጨረሻ ከጥቁር ካርቶን ቀሚስ መሰል መከለያ ቆርጠው በሴንሰሮቹ ዙሪያ ለጠፉ፤ ሮቦቱም ፀሐይ ላይም ጥላ ላይም መሥራት ቻለ። እኔ በልቤ መጋረጃውን ልዘጋ እየተነሣሁ ነበርና ካርቶኑ ከእኔ መፍትሔ የተሻለ መሆኑን እመሰክራለሁ። ፋብሪካ የሚሠሩ መሐንዲሶችም በየቀኑ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የባትሪው ነገር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በርካሽ ሞተሮቻችን ላይ ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ነገር ስለሌለ ልጆቹ መዞሪያን በጊዜ ይለካሉ፤ አንዱን ሞተር ለግማሽ ሰከንድ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ፣ ሩብ ዙር ይሆናል ብለው። ባትሪው አዲስ ሲሆን ይሆናል። ከሰዓታት በኋላ ግን ያው ግማሽ ሰከንድ ሩብ ዙር መድረሱን ይተዋል። «ኮዱን አልነካሁትም!» የሚለው አቤቱታ ከዚህ ይመጣል፤ በንዴት የተሞላ፣ በደል የደረሰበት ሰው አቤቱታ ነው። ኮዱ ያው ሆኖ ውጤቱ ሊለወጥ እንደሚችል መቀበል ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ቴስተር አቀብላቸዋለሁ። አራት ባትሪ 6 ቮልት ሊሰጥ ይገባው የነበረው ስንት ላይ እንደደረሰ ይለካሉ፤ ቀጥለው ሞተሩ ጫፍ ላይ ሲለኩ ደግሞ 2 ቮልት ያህል የገባበት ጠፍቶ ያገኙታል። የት ሄደ? ኤል 298 ኤን ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥቁር ብረት በጣታቸው ጫፍ እንዲነኩት እነግራቸዋለሁ። ሞቋል። የጠፋው ቮልት ሙቀት ሆኖ ጣታቸው ሥር ነው። ስለ ኃይል አይጠፋም የሚለውን ሕግ ከመጽሐፍ ያነበቡ ልጆች አሉ፤ ያን ዕለት ግን ነክተውታል።

ርቀት በሚለካው የአልትራሳውንድ ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ድምፅ ይልካል፣ ተመልሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ጊዜውን በፍጥነቱ አባዝተው ለሁለት ያካፍላሉ። «ለምን ለሁለት?» ስላቸው ከተማ ያደጉት ያመነታሉ፤ አያቱ አገር ክረምቱን የከረመ ልጅ ግን የገደል ማሚቶን ስለሚያውቅ ወዲያው ይመልሳል፤ ሄዶ ነው የሚመጣው። ከዚያ ሮቦቱ ግድግዳ ሲያይ ይቆማል፣ ወንበር ሲያይ ይቆማል፤ ጋቢ ለብሰው ልጃቸውን የሚጠብቁ አንድ አባት ጋ ሲደርስ ግን ሄዶ እግራቸውን ይመታቸዋል። ለስላሳ ጨርቅ ድምፅን ይውጣልና ማሚቶ አይመለስም። አባትየው ሳቁ፤ ልጆቹ ግን አልሳቁም፤ ደብተር አውጥተው ሹራብ፣ ቦርሳ፣ መጋረጃ፣ ካርቶን እያሉ እየለኩ የትኛው እንደሚታይ የትኛው እንደማይታይ ዘረዘሩ። ማንም አላዘዛቸውም።

እንዲህ ያለ ነገር እንዲሆን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው የአዋቂ እጅ መሰብሰቡ ነው። በበጎ ፈቃድ የሚያግዙን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው፤ ችግራቸውም ጉብዝናቸው ነው። ከሩቅ አይተው የላላውን ሽቦ ያውቁታል፤ አላፊ አግዳሚ ሆነው ገፋ ያደርጉታል፤ ሮቦቱም ይነሣል፤ ልጁ ምን እንደተደረገለት ሳያውቅ «አመሰግናለሁ» ይላል። ስለዚህ ረዳቶቻችን ጠረጴዛ ሲጠጉ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው እንዲጠጉ ተስማምተናል። መጠየቅ ይችላሉ፣ መንካት አይችሉም። ኮንታክት የሌለው ሽቦ ለማግኘት ልጅ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅበት ሃያ ደቂቃው ይሂድ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አባቶች ላይ ግን ደንቡን ማስከበር አልተቻለንም፤ በተለይ ኤሌክትሪክ ነክ ሙያ ያላቸውን ከካቻቢቴ መለየት ከባድ ነው።

የልጆቹም እጅ እርስ በርሱ መመጣጠን አለበት። አራትና አምስት ልጅ በአንድ ሮቦት ላይ ከተመደበ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ። ዝም ከተባለ ደግሞ ላፕቶፑ ከወንዶቹ ፊት ይሆናል፤ ሴቶቹ ሽቦ አቀባይ፣ ደብተር ጸሐፊና ሮቦቱን በቀለም አስጌጭ ሆነው ያርፋሉ። ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ማንም ግን አያስተውለውም። ቡድኑን በሦስት ወስነን፣ ቦታቸውን በየተወሰነ ጊዜ እንለዋውጣለን፤ ቁልፍ ሰሌዳው ላይ የተቀመጠው የሚጽፈው ሌሎቹ የነገሩትን ብቻ ነው። ፈጣን ልጆች ይህን ደንብ ይጠሉታል። ሐሳባቸውን በቃል ማስረዳት ስላለባቸው በጣታቸው እንደለመዱት አይሮጡም፤ ሲያስረዱ ግን የራሳቸውን ስሕተት ራሳቸው ይሰሙታል።

ኮድ ከኢንተርኔት ስለመገልበጥ ጠንካራ አቋም አለኝ። ዩቲዩብ ላይ ያለውን ፕሮግራም ቀድተው ሮቦት ማስነሣት ይችላሉ፤ ብዙ ሥልጠናዎችም በዚህ ያልቃሉ። ፊደል ሳይለዩ ዳዊት እንደ መድገም ነው፤ ዜማው ያምራል፣ መጽሐፉ በሌላ ገጽ ሲከፈት ግን ዝም ይባላል። መገልበጥን አልከለክልም፤ ከገለበጡት ውስጥ አንድ ቁጥር እንዲቀይሩና ሮቦቱ ምን እንደሚያደርግ ከመልቀቃቸው በፊት እንዲተነብዩ እጠይቃለሁ። ትንበያው ከተሳሳተ ኮዱ ገና የእነሱ አይደለም።

ስለ ዕቃ ጥቂት ልበል፤ ሊጀምሩ የሚያስቡ መምህራን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ይህን ነውና። ሙሉ ዕቃቸው ተሟልቶ የሚሸጡ የታሸጉ ውድ ኪቶች ያምራሉ፤ የመጫወቻ አምራቹ ሌጎ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ማይንድስቶርም የተባለው የሮቦት ኪት ብዙ አገር ውስጥ አንድ ትውልድ አስተምሯል። ነገር ግን ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ማምረቱን አቁሟል፤ ለእኛ ዓይነት ወርክሾፕ ደግሞ አንድ ክፍል ከጠፋበት ምትኩን ከመርካቶ ማግኘት አይቻልም። የተናጠል ዕቃም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ከአርዱዪኖና ከሴንሰር ውጪ ያለውን ሁሉ በአቅራቢያችን እንፈልጋለን። ቢሮዎች የጣሉት ፕሪንተር ሲፈታ ሞተር፣ ማርሽ፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግና ብሎን በገፍ ይወጣል፤ ከቆራሌው የሚገዛ ያረጀ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥም ትንንሽ ሞተሮች አሉ፤ ምናለሽ ተራ የማይቆርጡትና የማያጥፉት ቆርቆሮ የለም። ልጆቹ ፕሪንተር መፍታትን ከሮቦቱ እኩል ይወዱታል። ከአንድ ነገር ግን እንከለክላቸዋለን፤ የላፕቶፕ ባትሪ አይፈታም። ውስጡ ያሉት የሊቲየም ሴሎች ሾርት ካደረጉ እሳት ናቸው። ስታኞ የሚበይዱትም ትልልቆቹ ብቻ ናቸው፤ መነጽር አድርገው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ሲጨርሱም ስታኞው እርሳስ የተባለው ብረት ስላለው እጃቸውን በሳሙና ታጥበው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይታረቀው ኤግዚቢሽን ነው። አንድ ትምህርት ቤት ለወላጆች ቀን ጋብዞን ነበር። አዘጋጆቹ አስቀድመው የላኩት መልእክት ሮቦቶቹ «ያለ ምንም እክል» እንዲሠሩ፣ የተፈተኑትን ብቻ ይዘን እንድንመጣ የሚል ነበር። ልጆቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ከጠረጴዛ ጀርባ ቆሙ። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ የአንዱ ቡድን ሮቦት ቀጥ ብሎ ቀረ። ልጆቹ አልደነገጡም፤ አንዱ ቴስተር አወጣ፣ አንዷ ደብተር ከፈተች፣ ከባትሪው ጀምረው ወደ ሞተሩ እየለኩ መውረድ ያዙ። ይህ በሙሉ ዓመቱ ካስተማርናቸው ሁሉ ምርጡ ነበር። አስጎብኚው ግን ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ እንግዶቹን ቶሎ ወደ ቀጣዩ አሳለፋቸው፤ እዚያ ሮቦት በሙዚቃ ይጨፍር ነበር። ፎቶ የተነሣውም ያ ነው። ልጆቹ ጥፋቱን ሲያገኙት፣ የግራውንዱ ሽቦ በመኪና ሲመጣ ወጥቶ ነበር፣ የሚያሳዩት ሰው አልነበረም፤ ለእርስ በርሳቸው ተሳሳቁና ሮቦቱን ደጋግመው አስነሡት።

ከዚያ ወዲህ ኤግዚቢሽን ስንጠራ የምንቀበለው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ከተሰለፉት ሮቦቶች አጠገብ የልጆቹ የብልሽት ደብተሮች ተዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ጎብኚም የፈለገውን ሽቦ ነቅሎ ልጆቹ እንዲፈልጉት ማድረግ ይችላል። አንዳንድ ጋባዦች ይህን ሲሰሙ መልስ አይሰጡንም። እሺ ባሉን ቦታዎች ግን ረጅሙ ሰልፍ ሽቦ ለመንቀል የሚሰለፈው ሰው ነው፤ አያቶች ሳይቀሩ ይነቅላሉ።

ለሚመጣው ክረምት የመጀመሪያውን ቀን ልለውጠው አስቤአለሁ። እስከ አሁን ልጆቹ የሚጀምሩት ከባዶ ጠረጴዛ ነበር፤ አሁን ግን ተሠርተው ያለቁ፣ ሆን ብለን ያበላሸናቸውን ሮቦቶች ነው የምናድላቸው። በአንዱ የሞተር ሽቦዎቹ ይገለበጣሉ፤ በአንዱ ባትሪው የደከመ ይሆናል፤ በአንዱ ግራውንዱ ይነቀላል፤ በአንዱ ሴንሰሩ ላይ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፋል። አንዱ ቡድን ምንም ጉድለት የሌለበት ሮቦት ቢደርሰው ምን ያደርግ ይሆን የሚል ሐሳብ ያቀረቡት ረዳቶቻችን ናቸው። ከመካከላቸው ግማሹ ልጆቹን ማታለል ነው ብለው ይቃወማሉ፤ ግማሹ ደግሞ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥም መለካት ስለሚጠይቅ ይግባ ይላሉ። ክርክሩ ገና ስላልተቋጨ ያን ሮቦት ለጊዜው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል።